ቤዝመንቱን ያለ ፐርሚት ጀመርነው፤ አሁን በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፏል

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከባለቤቴ ጋር አሮጌ ቤት ገዛን። ቤዝመንቱ ባዶ ሲሚንቶ ነበር። እናቴ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ልትመጣልኝ ስለሆነ፣ ዕቁብ ሲደርሰኝ አንድ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያና ወጥ የምሠራበት ትንሽ ኩሽና እናውጣበት አልን። ሥራውን የያዘልን የልጃችን የክርስትና አባት ነው። እጁ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሐበሻ ቤት ሠርቷል፣ ላይሰንስ ግን የለውም። በ26,000 ዶላር ተስማምተን 18,000ውን በካሽ ሰጥተነዋል። ውል የለንም፤ ከአበልጅ ጋር ምን ውል ይጻፋል?

ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) አያስፈልግም ወይ ስለው «የገዛ ቤታችሁ ውስጥ ነው፤ ካውንቲው ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው እንጂ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ሥራ አቁሙ የሚል ቀይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ድራይዌያችን ላይ ያለውን የፍርስራሽ ኮንቴይነር አይታ የጠቆመችው ጎረቤታችን መሆኗን እርግጠኛ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምም አላልኳት።

አበልጃችን ሦስት ሐሳብ አቅርቧል። አንደኛው መስኮቱን ሸፍነን ማታ ማታና እሑድ እንጨርሰው ነው። ሁለተኛው ለካውንቲው «ስንገዛው እንዲህ ነበር» በሉ። ሦስተኛው ፐርሚቱን በራሳችሁ ስም አውጡና «እኛው ነን የምንሠራው» በሉ፣ እኔ እጨርስላችኋለሁ። ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? ባለቤቴ ዜግነት ሊያመለክት ነው፣ ይነካው ይሆን? ቀሪውን 8,000 ዶላር እየጠየቀን ነው፣ ልስጠው? እናቴ ከተመለሰች በኋላ ደግሞ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ልትከራየው ትፈልጋለች። ይቻላል?

ግራ የገባኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ያ ወረቀት ቤታችሁን አይወስድም፣ ማንንም አያሳስርም። የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ፐርሚት እስኪወጣ ድረስ ይህ ሥራ ይቁም። ነገሩን የሚያከብደው ወረቀቱን አይቶ እንዳላዩ መቀጠል ነው። በካውንቲው ሕግ ክፍል «ኤ» የሚባለው የሲቪል ቅጣት ለመጀመሪያ ጊዜ 500፣ ሲደገም 750 ዶላር ነው፤ ጥሰቱ የቀጠለበት እያንዳንዱ ቀን ደግሞ ራሱን ችሎ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ የአበልጃችሁ የመጀመሪያ ሐሳብ ከሦስቱ በጣም ውዱ ነው። ወረቀቱ እስኪለጠፍ ድረስ ባለማወቅ የተደረገ ነበር ማለት ትችላላችሁ። ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ መስኮት ሸፍኖ መሥራት ግን በማንም ፊት አለማወቅ አይሆንም።

ሁለተኛው ሐሳብ ደግሞ አንድ ቀን አይቆይም። ቤቱን ስትገዙ ሻጩ የለጠፈው ማስታወቂያ፣ ከነፎቶው፣ እስካሁን ኢንተርኔት ላይ ሊኖር ይችላል። አድራሻችሁን ጻፊና እይው፤ ባዶው ሲሚንቶ ምናልባትም ከነልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። ኢንስፔክተሮቹም ይህን መፈለግ አያቅታቸውም። በዚያ ላይ አዲስ ሽቦ ብዙውን ጊዜ የተመረተበት ጊዜ ራሱ ላይ ታትሞበታል። ያለ ፐርሚት የጀመረ ሰው ነገሩን ማስተካከል ይችላል። ለመንግሥት ሠራተኛ የዋሸ ሰው ግን፣ በተለይ ባሏ ለዜግነት ሊያመለክት የተዘጋጀ ሰው፣ በትንሽ ነገር ትልቅ መዘዝ ነው የሚጎትተው።

ሦስተኛው ሐሳብ ትክክል የሚመስለው ነው፣ ብዙ ሐበሻ የሚጠመድበትም እሱ ነው። የቤት ባለቤት በራሱ ስም ፐርሚት ማውጣት ይችላል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በስምሽ ስታወጪ ለሥራው ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። እናንተ እንሠራዋለን ብላችሁ ፈርማችሁ ሌላ ሰው ገንዘብ እየተከፈለው ከሠራው ሐሰት ፈርማችኋል፣ ሐሰቱም በሰነድ የተያዘ ነው። ለወደፊቱም ይህን ያዢ፦ «ፐርሚቱን አንቺ አውጪው» የሚል ኮንትራክተር ብዙውን ጊዜ ራሱ ማውጣት የማይችልበት ምክንያት አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ካውንቲው ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው» የሚለውን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ይዘነው የመጣን ይመስለኛል። አዲስ አበባ ላይ አንድ ክፍል የጨመረ ሰው ደንብ አስከባሪ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ምሰሶው ጥንካሬ አይደለም፣ ማንን እንደሚያናግር ነው። እዚህ አገር ያ አስተሳሰብ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንደኛ፣ ለኢንስፔክተር «ለሻይ» ብሎ ሃያ ዶላር መዘርጋት ወንጀል ነው፤ እንግዳ ተቀባይነታችሁን እዚህ ላይ ያዙት። ሁለተኛ፣ ክፍያው ብቻ እየታየን ክፍያው የሚገዛልን ነገር አይታየንም።

የሚገዛልሽ ነገር ግድግዳው ሳይዘጋ በፊት ገብቶ የሚያይ፣ ከሠራተኛው ጋር ዝምድና የሌለው ዓይን ነው። እዚህ አካባቢ «ክሎዝ ኢን» የሚሉት ኢንስፔክሽን ይህ ነው፤ እንጨቱ ቆሞ፣ ሽቦውና ቧንቧው ተዘርግቶ፣ ድራይዎሉ (የግድግዳው መሸፈኛ ሰሌዳ) ሳይለጠፍ የሚደረግ። ድራይዎል ከተለጠፈና ቀለም ከተቀባ በኋላ ጥሩ ሥራና አደገኛ ሥራ መልካቸው አንድ ነው። አበልጃችሁ እጁ ጥሩ ነው ብለሻል፣ አምንሻለሁ። አንቺ ያየሽው ግን ማጠናቀቂያውን ነው። የሠራላቸው ሐበሾችም ያዩት እሱኑ ነው።

እስኪ ሜትር ያዢና እናትሽ ወደምትተኛበት ክፍል ውረጂ። መስኮት አለው? ካለው ሙሉ በሙሉ ክፈቺውና መስታወቱን ሳይሆን ክፍተቱን ለኪ። አብዛኛው የአሜሪካ አካባቢ የሚከተለው የመኖሪያ ቤት ኮድ ቤዝመንት ላይ ያለ መኝታ ክፍል ሁሉ «ኢግረስ» የሚሉት የማምለጫ መስኮት ወይም ወደ ውጭ የሚያወጣ በር እንዲኖረው ያስገድዳል። የመስኮቱ ክፍተት ወርዱ ቢያንስ 20 ኢንች፣ ቁመቱ ቢያንስ 24 ኢንች፣ ጠቅላላ ስፋቱ 5.7 ካሬ ጫማ መሆን አለበት፤ ከመሬቱ ጋር እኩል ደረጃ ላይ ላለ መስኮት፣ በአዲሶቹ የኮዱ እትሞች ደግሞ ከመሬት በታች ላለውም፣ 5 ይበቃል። የታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ መራቅ የለበትም። እዚህ ላይ ብዙ ሠሪ የሚሳሳትባት ነገር አለች። 20 በ24 ያለው መስኮት ገዝቶ «ኮዱን አሟልቻለሁ» ይላል። ሒሳቡን ሥሪው፦ 20 በ24 የሚሰጠው 3.3 ካሬ ጫማ ብቻ ነው። ወርዱ 20 ከሆነ 5.7ን ለመሙላት ቁመቱ ከ41 ኢንች ትንሽ ማለፍ አለበት። መስኮቱ ከመሬት በታች ከሆነ ደግሞ ውጭ የሚቆፈረው ጉድጓድ ቢያንስ 9 ካሬ ጫማ፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ 36 ኢንች፣ ከ44 ኢንች በላይ ከጠለቀም መሰላል ያለው መሆን አለበት። እነዚህ ቁጥሮች ለውበት የወጡ አይደሉም። አየር መተንፈሻ ያዘለ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሊገባበት፣ የተኛ ሰውም ጭስ ውስጥ ሊወጣበት የሚችል ቀዳዳ ነው የተለካው። እናትሽን በዓይነ ሕሊናሽ ሳይ ወገባቸውን እያሰብኩ ነው፤ 44 ኢንቹም ለእሳቸው ብዙ ነው፤ ሥሩ ጠንካራ መርገጫ አስቀምጪ።

ከመስኮቱ ቀጥሎ የምትፈልጊው ፈርነሱን (የቤቱን ማሞቂያ) እና የውኃ ማሞቂያውን ነው። የጋዝ ናቸው? አሮጌ ቤት ከሆነ ምናልባት ከክፍሉ አየር ስበው የሚያቃጥሉ ናቸው። ባዶ ቤዝመንት ውስጥ ሳሉ አየር ሞልቷቸው ነበር። ክፍሉ «እንዲያምር» ተብሎ በድራይዎል ከታጠሩና በር ከተዘጋባቸው ግን አየር ያጥራቸዋል፣ ማቃጠሉም ይዛባል፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ይህ ተሠርቶ ከሆነ ፐርሚቱን አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ታችም ላይም ስቀይ፣ የታጠሩበትን ክፍል በር ክፍት አድርጊው፣ ሙያተኛም ጥሪ። ጭስ ጠቋሚ ደግሞ በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል፣ ከመኝታ ክፍሎች ውጭና በእያንዳንዱ ፎቅ ያስፈልጋል፤ ቤዝመንትም እንደ ፎቅ ይቆጠራል።

ኩሽናውስ? ወጥ የምሠራበት ብለሻል። ምጣዱም እዚያ ይወርዳል ብዬ እገምታለሁ፤ ሽንኩርቱና በርበሬው ታች ቀርቶ ሳሎን እንዳይሸት የማይመኝ የለም። አንድ ተራ የ15 አምፒር መስመር በ120 ቮልት የሚሸከመው ቢበዛ 1,800 ዋት ነው። ምጣድ ብቻውን ወደዚያ የሚጠጋ ኃይል ሊወስድ ይችላል፣ ክረምት ላይ እናትሽ እግር ሥር የምታኖሪያት ትንሿ ማሞቂያ አብዛኛውን ጊዜ 1,500 ነች። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ከዋሉ ብሬከሩ ይወርዳል። ይህ ደኅናው ነው። መጥፎው፣ የብሬከሩ መውረድ ሰልችቶት ባለ 15ቱን ብሬከር በባለ 20 የተካ ሠራተኛ ሲገጥም ነው፤ ያኔ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል፣ የሚያቋርጠው የለም። የፓኔሉን (የብሬከሮቹን ሳጥን) በር ብቻ ክፈቺና አዲስ ከተጨመሩት ብሬከሮች ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ። እንጀራ ከተጋገረ በኋላም የሶኬቱን ፊት በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ከሞቀ ከዚያ ሶኬት መጠቀም አቁሚ።

ይህን ሁሉ የማረዝመው ላስፈራራሽ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኬኔዲ ጎዳና ላይ ኦገስት 18 ቀን 2019 የደረሰውን ቃጠሎ ሰምተሽ ይሆናል። ሰው እንዲያድርበት ፈቃድ ያልነበረው ቤት በትንንሽ ክፍሎች ተሸንሽኖ ተከራይቶ ነበር፤ ከተከራዮቹ ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ነበሩ። ሁለት ሰው ሞተ፣ አንዱ የ9 ዓመት ልጅ። ከወራት በፊት አንድ ፖሊስ ቤቱን አይቶ አደገኛ ነው ብሎ ለከተማው ጽፎ ነበር፤ ተከታትሎ የቋጨው ግን አልነበረም። እዚያ የጎደለው የቁጥጥሩ ብርታት ነው እንጂ ቁጥጥሩ በዝቶ አልነበረም። የናንተ ቤት እንደዚያ አይደለም፣ አውቃለሁ። መስኮት የሌለው መኝታ ክፍል ግን ባለቤቱ ክፉም ሆነ ደግ ያው መስኮት የሌለው ክፍል ነው።

ምን ታደርጊያለሽ? ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክ ላይ ደውዪ። ወረቀቱን አትንቀዪው፣ ፎቶ ግን አንሺው። ፐርሚት የሚሰጠው የካውንቲው ክፍል ዊተን ነው ያለው። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ በ311 ደውለሽ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ልጅሽን አታስተርጉሚ፣ ልጅ ስለ ፈርነስ ምን ያውቃል። ስትደውዪ አታስረዝሚ፦ «ያለ ፐርሚት ጀምረናል፣ አቁመናል፣ ማስተካከል እንፈልጋለን፣ ምን ላቅርብ?» በቂ ነው። የሚጠይቁሽ የክፍሉን ንድፍ ነው፤ ክፍሎቹ ከነልካቸው፣ መስኮቱ፣ የጣሪያው ከፍታ፣ ጭስ ጠቋሚዎቹ የት እንዳሉ። የጣሪያ ከፍታ በአጠቃላይ 7 ጫማ ነው የሚጠበቀው፤ አሮጌ ቤዝመንት ላይ አንዳንዴ ቅናሽ አለ፣ እሱን እዚያው ጠይቂ።

አንድ ፐርሚት ብቻ አይደለም። ለግንባታው አንድ፣ ለኤሌክትሪኩ ሌላ ነው። የመታጠቢያ ቤቱና የኩሽናው ውኃና ፍሳሽ ደግሞ ከነጭራሹ ካውንቲው ጋ አይደለም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የሚሰጠው ደብልዩ ኤስ ኤስ ሲ፣ ያው የውኃ ቢል የሚልክላችሁ ድርጅት ነው። ብዙ ሰው የካውንቲውን ይዞ ጨረስኩ ብሎ እዚህ ላይ ይወድቃል። ለኤሌክትሪኩ ላይሰንስ ያለው ኤሌክትሪሺያን፣ ለውኃው እዚያው የተመዘገበ ፕላምበር ያዢ። እግረ መንገዴን ለሌሎች አንባቢዎች፦ ቤታችሁ ሮክቪል ወይም ጌትስበርግ ከተማ ክልል ውስጥ ከሆነ ፐርሚቱን የሚሰጠው ከተማው ራሱ ነው፤ በሮክቪል የፖስታ አድራሻ አትታለሉ፣ ከከተማው ክልል ውጭ ሆኖ ሮክቪል የሚጻፍ ቤት ብዙ ነው።

ድራይዎሉ የት ድረስ እንደደረሰ አልነገርሽኝም። የተዘጋ ካለ ኢንስፔክተሩ ክፈቱት ሊል ይችላል። በድንጋጤ ሁሉንም አታፍርሱት። የት የት መታየት እንዳለበት እሱ ይንገራችሁ፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቦታ መክፈት ይበቃል፣ አንዳንዴ አይበቃም። አበልጃችሁ ስልኩ ላይ ግድግዳው ክፍት ሳለ ያነሳው ፎቶ ካለው ዛሬውኑ ይላክላችሁ፤ ሠሪዎች ሥራቸውን ለሌላ ደንበኛ ለማሳየት ያነሱታልና ሳይኖረው አይቀርም። የማምለጫ መስኮት ለማውጣት ፋውንዴሽኑ የሚቆረጥ ከሆነ ያም በፐርሚቱ ንድፍ ውስጥ ይግባ፣ ከመቆፈሩም በፊት 811 ይደወል፤ መጥተው የጋዙንና የመብራቱን መስመር በቀለም ያመለክታሉ፣ በነጻ ነው።

ስለ ክፍያው፦ ካውንቲው የታተመ የክፍያ ሠንጠረዥ አለው፣ ማንም በግምት አይጠይቅሽም። ሳይፈቀድ ለተጀመረ ሥራ ከመደበኛው በላይ ማስከፈል ኮዱ የሚፈቅደው ነው፣ ብዙ ቦታም እጥፍ ይሆናል። ይህን ጠብቂው። ያም ሆኖ አስቀድማችሁ ለአበልጃችሁ ከሰጣችሁት 18,000 አንጻር የፐርሚቱ ገንዘብ ትንሹ ወጪያችሁ ነው። ትልቁ የሚሆነው የተዘጋውን ከፍቶ መልሶ መዝጋት ነው፤ እሱም የመጣው ፐርሚቱ በመከፈሉ አይደለም፣ በጊዜው ባለመከፈሉ ነው። የቤት ግብሩም ሊጨምር ይችላል፤ ሜሪላንድ ቤቶችን በየሦስት ዓመቱ እንደገና ትገምታለች፣ ቤዝመንት መሠራቱም ዋጋ ይጨምራል። ይህ እውነት ነው፣ ማምለጫም የለውም። በሌላው ጎን ግን ቤቱን ስትሸጪ የሚቀርብልሽ የሻጭ መግለጫ ቅጽ ላሠራሽው ሥራ ፐርሚት ወጥቶ ነበር ወይ ብሎ በግልጽ ይጠይቃል፣ እሳት ቢነሳ ደግሞ የኢንሹራንስ ድርጅቱ ያለ ፐርሚት የተዘረጋውን ሽቦ ይዞ ሊከራከርሽ ይችላል።

ወደ ጎረቤትሽ እንምጣ። እርግጠኛ ነኝ ብለሻል፣ እኔ ግን እርግጠኛ የምትሆኚበት ምክንያት አላየሁም። ጠቋሚው ማን እንደሆነ ካውንቲው ላይነግርሽ ይችላል። ፖስተኛ፣ ሌላ ኮንትራክተር፣ በሌላ ጉዳይ መንገዱን ያለፈ ኢንስፔክተር፣ አበልጃችሁ ያኮረፈው የድሮ ደንበኛ፣ ሁሉም ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን ከልቤ ነው የምስማማሽ፦ ይህ ቁጥጥር በአብዛኛው በጥቆማ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ እኩል አያርፍም። ጎረቤቱ የሚወደው ሰው ዓመት ሙሉ ሠርቶ ማንም አይመጣበትም፣ ስሙ የማይጠራ መጤ በሁለተኛው ሳምንት ወረቀት ይለጠፍበታል። ያስቆጣል፣ መቆጣትሽም አግባብ ነው። ቁጣሽን ግን ወደ ጎረቤትሽ በር አታዙሪው፤ የማምለጫ መስኮቱ ጉድጓድ ሲቆፈር በእሷ አጥር በኩል ከሆነ ነገ ፈገግታዋ ያስፈልግሻል። ሰላም በያት።

የባለቤትሽ ዜግነት። ቀይ ወረቀቱ የወንጀል መዝገብ አይደለም፣ የፐርሚት ማመልከቻም የኢሚግሬሽን ጉዳይ አይደለም። የምትጠነቀቁት ነገሩ ወደ ሳይቴሽን፣ ማለትም ወደ ፍርድ ቤት የሚያቀርብ የቅጣት ወረቀት ከደረሰ ነው። ያን ጊዜ ቀኑ አይለፍባችሁ፣ ከተቀጣችሁም ክፈሉና ደረሰኙን አስቀምጡ። የዜግነት ማመልከቻው ስለ እስርና ክስ ብቻ ሳይሆን ስለ ሳይቴሽንም ስለሚጠይቅ፣ ወረቀት በባለቤትሽ ስም ከወጣ ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው። ቅጽ የሚሞላ ጓደኛ ሳይሆን ጠበቃ።

አበልጃችሁን በተመለከተ ይህን ዓምድ ስጽፍ በጣም ያሰብኩበት እሱ ነው። ሕጉ ግልጽ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የሚያድስ ሰው በተለምዶ ኤም ኤች አይ ሲ ከሚባለው የቤት እድሳት ኮሚሽን ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል፣ ያለ ላይሰንስ መሥራት ወንጀል ነው። ውሉ በጽሑፍ፣ የላይሰንሱ ቁጥር ያለበት መሆን አለበት፤ ቅድሚያ ክፍያም ከውሉ ዋጋ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። እናንተ ከሦስት እጅ ከሁለቱ በላይ ሰጥታችኋል። ላይሰንስ የሌለው ሠራተኛ ቀሪ ክፍያ ልትሰጡኝ ይገባል ብሎ ፍርድ ቤት ቢሄድ ውሉን ማስፈጸም አይችልም። እናንተም ብትጎዱ ኮሚሽኑ ለተጎዱ ባለቤቶች ከሚክስበት ፈንድ አታገኙም፣ ፈንዱ የሚሸፍነው ላይሰንስ ያላቸው ሰዎች የሠሩትን ነው። ባዶ እጃችሁን ነው የቆማችሁት፣ ሁለታችሁም።

ስለዚህ 8,000ውን አትስጪው። አሁን አትስጪው ማለቴ ነው። ያ ገንዘብ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ፕላምበሩና መስኮቱ የሚከፈሉበት ነው፣ ከእሱ ሌላ እንዳላችሁም አልነገርሽኝም። ባለቤትሽ ያናግረው፣ በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ትልቅ ሰው ባለበት። የተከፈለው ተከፍሏል፣ ማንም ማንንም ሌባ አይበል። በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ገና ያልተገጠመ ዕቃ ካለ በደረሰኙ ዋጋ ክፈሉት፣ አለበለዚያ ለሱቁ ይመልሰው። ግድግዳው ሲከፈት ምን እንዳለ ለኤሌክትሪሺያኑ ያሳይ። ከዚህ በኋላ ግን እዚያ ቤዝመንት ውስጥ መዶሻ አያንሳ። ቢያኮርፍ ያኮርፋል፤ አበልጅነቱ በልጁ ጥምቀት የመጣ ነው፣ በድራይዎል አይፈርስም። አንድ ነገር ደግሞ ንገሩት፦ የኮሚሽኑ ላይሰንስ ለእንደሱ ዓይነት ሰው የተዘጋ አይደለም። የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፣ እሱ ከዚያ በላይ እንዳለው አልጠራጠርም፤ ኢንሹራንስ ያስገዛል፤ ፈተናውም መጽሐፍ ይዞ ተገብቶ የሚወሰድ ነው። ሐበሻ ቤት ለሐበሻ ቤት እየዞረ በካሽ የሚሠራ ጎበዝ ባለሙያ አንድ ቤት ሲቃጠል ምን እንደሚጠብቀው ማንም ነግሮት አያውቅ ይሆናል።

እናትሽ ለፋሲካ ሲመጡ ቤዝመንቱ አይደርስም፤ ንድፉ፣ ፐርሚቱ፣ ኢንስፔክሽኑ ተራ በተራ ነው የሚሄደው። አንድ ክፍል አስለቅቂና እሳቸውን ላይ አስተኚ። አሁኑኑ በስልክ ንገሪያቸው፣ እዚህ ደርሰው «ለእኔ ብለሽ ነው እንዴ ችግር ውስጥ የገባሽው» እንዳይሉሽ።

ኪራዩን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት በሐቅ ገና ጥያቄው ያልደረሰ ስለሆነ ነው። የራሱ በር፣ የራሱ መታጠቢያና የራሱ ምድጃ ያለው ቤዝመንት በካውንቲው ዓይን መኝታ ክፍል መሆኑ ቀርቶ ሁለተኛ መኖሪያ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ የራሱ ላይሰንስ ያስፈልገዋል፣ ላይሰንሱንም የሚሰጠው የቤቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ እንጂ የፐርሚቱ ክፍል አይደለም። ስለዚህ ንድፉን ስታስገቢ «ለእናቴ» ብለሽ አስገብተሽ በኋላ ለተከራይ ከምታዞሪው ከአሁኑ የምታስቢውን ሁሉ ንገሪያቸው፣ ምድጃው ይቆይ ወይ ይነሳ የሚለው የሚወሰነው በዚያ ነውና። ለዚያች እህት ደግሞ ፈቃዱ ከወጣ እንነጋገራለን በያት፣ እስከዚያ ግን ቀብድ አትቀበያት።